ስለ ደም ምርመራና ስለ ሕሙም ፈቃድ

የቡና ለቀማ በደረሰ ጊዜ ከደጋው አገር ወደ ቴፒ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ሰውነቱ የቆላውን ወባ ሳይለምድ በትኩሳት ተይዞ ከጤና ጣቢያ ሲደርስ፣ ከጣቱ ጥቂት ጠብታ ደም ይወሰዳል። ወባው ቪቫክስ የተባለው ዓይነት እንደ ሆነ፣ በጉበት ተሸሽጎ የሚቀረውን ርዝራዥ የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ነው፤ ነገር ግን ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ባነሰበት ሰው ላይ ይኸው መድኃኒት ሽንቱ እስኪጠቁር ድረስ ቀይ የደም ሕዋሳቱን ሊያፈርስ ስለሚችል፣ አስቀድሞ መመርመር የሚገባ ነው።

የኢንዛይሙ ማነስ በዘር የሚወረድ ነው። ወንድ ልጅ ኤክስ የሚባለውን ክሮሞዞም ከእናቱ ብቻ ስለሚቀበል፣ ጉድለቱ የተገኘበት ወጣት ስለ ራሱ ብቻ የጠየቀ ቢመስለውም፣ በቀዬዋ የቀረችውን የእናቱንና ገና ያልወለዳቸውን የሴቶች ልጆቹን ምሥጢር ጭምር ገልጦ ይሄዳል፤ ሴቶቹ ሁሉ ከርሱ ይወርሱታልና፤ ወንዶቹ ግን አይወርሱትም። እንግዲህ አንድ ሰው ብቻውን የሰጠው ፈቃድ ለእነዚህ ሁሉ ይበቃልን?

ፈቃድ ስለ መጠየቅ ሳስብ መፃጉዕ ትዝ ይለኛል፤ በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት ቤተ ክርስቲያን የምታስበው መፃጉዕ 38 ዓመት ታሞ የኖረ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው መዳንን እንደሚሻ የሚጠራጠር የለም፤ ጌታ ግን የልቡን እያወቀ አስቀድሞ ፈቃዱን ጠየቀው። የሚደንቀኝ ደግሞ መልሱ ነው፦ መፃጉዕ «አዎን» አላለም፤ የሚረዳው ሰው እንደሌለው ብሶቱን ተናገረ እንጂ። ዛሬ በቀለም የተነከረ አውራ ጣት የሚያርፍበት የፈቃድ ወረቀት ለእንዲህ ያለው ብሶት አንዳች ባዶ መስመር አልተወለትም።

የአንድ ሰው ፈቃድ ለዘመዶቹ ይበቃልን የሚለው ጥያቄ በአገራችን በሚገባ የተፈተነው በወላይታ ነው። በዚያ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄዱ ብዙዎች ሲሆኑ፣ እግራቸው በዝሆኔ የሚያብጠው ግን ጥቂቶቹ ናቸው፤ በሽታውም በአንድ ቤተ ሰብ ሲደጋገም ስለሚታይ፣ ጎረቤት «በዘራቸው አለ» እያለ ከጋብቻ ያርቃቸው ነበር። ተመራማሪው ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ስለ በሽታው የዘር ጥናት ሲያሰናዱ፣ ሕዝቡ ምን እንደሚፈራ አስቀድመው ጠየቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙትም ጽሑፍ፣ ጥናቱ ነቀፌታውን እንዳያጸድቀው የሕሙማኑ ስጋት እንደ ነበረ ገለጡ። ስለዚህም ተጋላጭነቱ በዘር ቢወረስም ያለ አፈሩ በሽታው እንደማይመጣ፣ ጫማና መታጠብም እንደሚከላከሉት ማስረዳት የፈቃዱ አካል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ውጤት፣ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ፣ የዘር ድርሻ በእርግጥ እንዳለ አሳየ። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ አስቀድመው ባይጠየቁ ኖሮ ይህ እውነት በላያቸው እንደ ፍርድ ይነበብ ነበር።

አንዳንዶች ለብቻ ፈቃድ መጠየቅ የባዕድ ልማድ ነው፣ በእኛ ዘንድ ሽማግሌና ባል ይወስናሉ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ምክር የዘመድ ነው፤ እሺታው ግን ጣቱ የሚወጋው ሰው ነው፣ ሴትም ብትሆን። ስለ ዘመዶቹም ቢሆን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ስለ ሰው ጂኖም በሚናገረው መግለጫ ማንም ሰው የምርመራውን ውጤት ላለማወቅ መምረጥ እንደሚችል ተደንግጓልና፣ የልጇ ውጤት ሳትጠይቅ ከደጇ የሚደርስባት እናት ተበድላለች።

በቴፒና በሚዛን አማን የምታገለግሉ ሐኪሞችና ነርሶች ሆይ፣ የአማርኛውን ወረቀት ለሸከቾው፣ ለሸኮውና ለመዠንግሩ በየቋንቋቸው አስነብቡላቸው፤ መርፌውን ከማንሣታችሁ በፊት ውጤቱን ማን እንዲሰማው እንደሚወዱ ጠይቁ። ምርመራውን እንቢ ላለውም የትኩሳቱን መድኃኒት አትንፈጉት።