የደረሳ አደብና የቀጪው ፍትሕ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

አንባቢ ሆይ! ልጅህን ወደ ዕውቀት ቤት በላክኸው ጊዜ ሁለት አማናዎች እንዳሉ ዕወቅ። አንዱ በደረሳው ጫንቃ ላይ ነው፤ እርሱም አደብ ነው። ሁለተኛው በመምህራኑና በሹማምቱ ጫንቃ ላይ ነው፤ እርሱም ፍትሕ ነው። ደረሳው አደቡን ቢያጐድል፣ ሹሙ ፍትሑን እንዲያጐድል አልተፈቀደለትም።

በካይሮ ያለውን አል-አዝሀርን ተመልከት። በ361 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ972፣ ሶላት የተጀመረበት ይህ መስጊድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትምህርት ቤት ሆነ። ከሩቅ አገር የሚመጡ ደረሶች ሪዋቅ በሚባሉት ማደሪያዎች በየወገናቸው ይኖሩ ነበር። ከሐበሻ ምድርና ከአካባቢዋ ለሚመጡትም የጀበርቲዎች ሪዋቅ ነበራቸው፤ የታሪክ ጸሐፊው የዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ አባቶች የዚሁ ሪዋቅ ሸይኾች ነበሩ። ምግባቸውም ባለጸጎች ለአላህ ብለው ወቅፍ ካደረጉት ሀብት ይሰጣቸው ነበር። እንግዲህ እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ደረሳ በተባረረ ጊዜ፣ ከትምህርቱ ጋር መጠለያውን፣ ምግቡንና መልካም ስሙን ያጣል። ስለዚህ የሚቀጣው ሰው አላህን ይፍራ።

ደረሳ ሆይ! መምህርህን አክብር፤ የጓደኛህን ጥናት አታውክ፤ በፈተና አታታልል። ያልደከምክበትን ማዕረግ የምትወስድ ከሆነ፣ ቁርአን በሙጠፊፊን ምዕራፍ ወዮላቸው ካላቸው ሚዛን አጕዳዮች በምን ትለያለህ?

ሹም ሆይ! አንተም ከመፍረድህ በፊት አጣራ። የሑጁራት ምዕራፍ ወሬ በመጣ ጊዜ እንድናረጋግጥ ያዘናል፤ ባለማወቅ ሰውን ጎድቶ መጸጸት አለና። ነቢዩም ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ዐሊይን ለዳኝነት ወደ የመን በላኩት ጊዜ፣ የሁለተኛውን ወገን ቃል ሳይሰማ እንዳይፈርድ አስተምረውታል። የተከሰሰው ደረሳ የተከሰሰበትን ነገር ይወቅ፤ መልሱም ይሰማለት።

ቅጣቱም በጥፋቱ ልክ ይሁን። አንድ የገጠር ዐረብ በነቢዩ መስጊድ ውስጥ በሸና ጊዜ ባልደረቦቹ ሊነሡበት ቃጡ፤ ነቢዩ ግን ተዉት አሉ፤ በስፍራውም ውሃ አስፈሰሱበት። ሰውየውንም በለሰለሰ ቃል የመስጊድን ክብር አስተማሩት። ሥፍራው ጸዳ፤ ሰውየውም ተማረ። በ1383 ካይሮ ገብቶ በአል-አዝሀር ያስተማረው ኢብን ኸልዱንም፣ በጭካኔ ያደገ ተማሪ በትሩን ፈርቶ ውሸትንና ተንኰልን እንደሚለምድ በሙቀዲማው አስገንዝቧል።

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! አሁን ነገሩ ወደ አንተ ይመለሳል። ልጅህና አንድ የቲም ደረሳ በአንድ ጥፋት ቢያዙ፣ አንተ በስጦታህና በወዳጆችህ ልጅህን ታስለቅቃለህን? የቲሙስ ማን አለው? ከበኒ መኽዙም የሆነች አንዲት የትልቅ ወገን ሴት በሰረቀች ጊዜ፣ ነቢዩ የሚወዱት ኡሳማ ስለ እርስዋ ቢያማልድ ምልጃውን አልተቀበሉም፤ የገዛ ልጃቸው ፋጢማ እንኳ ብትሆን ፍርዱ እንደማይለወጥ ገለጹ። ስለ ልጅህ ቃሉ እንዲሰማለት መጠየቅ መብትህ ነው፤ ሚዛኑ እንዲያጋድልለት መጠየቅ ግን በደል ነው። በሱቅህ አንዱን ሚዛን ለወዳጅ፣ ሌላውን ለባዕድ አታኑር፤ በልጆች ፍርድም እንዲሁ አድርግ።

አላህ ለደረሶቻችን አደብን፣ ለመምህራኖቻችን ፍትሕን፣ ለወላጆችም እውነትን የመቀበል ልብ ይስጠን። አሚን።