ሲጠራጠር የሚዘጋ

እስቲ የአሻንጉሊት ባቡር መሻገሪያን እንይ። አንዱ መዝጊያ የሚወርደው ባቡሩ ብርሃን ሲመልስለት ብቻ ነው፤ ዓይኑን አቧራ ከሸፈነው መንገዱን ክፍት ይተወዋል። ሌላው ብርሃን ሲቋረጥበት ይወርዳል፤ አቧራ ቢሸፍነውም፣ ሽቦ ቢበጠስም ያው ነው። ዊልያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1872 ለእውነተኛው ሐዲድ ያወጣው ብልሃትም ይኸው ነው፦ ምልክት ከጠፋ አደጋ አለ በል።

እኛስ፣ ጓደኞቼ፣ የትኛውን ነን? በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ግድያ የተቆጣው ወጣት አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲተም፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ። ደም እስኪፈስ አልጠበቁም። ወጣቱም ተመለሰ።

«በከንቱ የሚዘጋ መዝጊያ ሰውን ያሰለቻል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስለዚህ አቧራውን እንጥረግ። እስኪጠረግ ግን ኅሊና ወደ ሕይወት ያድላ!