የጉባኤ እንግዳ ዕዳ

ለጉባኤ ወደ ሌላ ከተማ የተጋበዘ ምሁር ጥናቱን አቅርቦ፣ ጥያቄ መልሶ፣ ሻይ ጠጥቶ ወደ ሆቴሉ ከተመለሰ ግዴታውን ተወጥቷል? ብዙዎቻችን ተወጥቷል እንላለን። ከዚያ በኋላ ሙዚየም ቢገባ፣ ገበያ ቢዞር፣ ሐውልት ሥር ቢቆም ጊዜና ገንዘብ የተረፈው ሰው መዝናኛ አድርገን ነው የምንቆጥረው። እኔ ግን ይህ ዕዳ ነው እላለሁ። ስለ አንድ ሕዝብ እንዲናገር መድረክ የተሰጠው ሰው፣ ያስተናገደው ቦታ የሚለውንም መስማት አለበት። ኪሱ ያልሞላ መሆኑም ከዚህ ዕዳ ነፃ አያወጣውም፤ እንዲያውም በትንሽ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ እንግዳ ዕዳውን ለመክፈል ከባለ ብዙ አበሉ ይልቅ የቀረበ ይመስለኛል።

የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ታሪክ ለዚህ ማስረጃ አለው። የመጀመሪያው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1959 ሮም ውስጥ በሊንቼይ አካዳሚ ተካሄደ፤ አራተኛውም በ1972 እዚያው ተሰበሰበ። በሁለቱም ጊዜ የአክሱም ሐውልት በዚያችው ከተማ ቆሞ ነበር። የፋሺስት መንግሥት በ1937 ወስዶት፣ ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ታስቦ በተጀመረውና በመጨረሻ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በገባበት ሕንፃ ፊት ተክሎታል። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈርማ ነበር፤ ሐውልቱ አክሱም የደረሰው ግን በ2005 ነው። ከአካዳሚው ተነስቶ የቲቤርን ወንዝ ተሻግሮ እስከ ሐውልቱ በእግር ለመሄድ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ አደባባይ ላይ ስለነበረም ማየቱ አንዲት ሊሬ አያስወጣም ነበር። አዳራሹ ውስጥ ስለ አክሱም ነገሥታትና ጽሕፈቶች የሚነበበው ጥናት የቱንም ያህል ቢረቅቅ፣ ያ ድንጋይ በባዕድ ከተማ መኪና መንገድ ዳር መቆሙ የሚያነሳውን ጥያቄ አይጠይቅም። ጥያቄው የሚመጣው ፊቱ ሄዶ ለቆመ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ስለ አክሱም የሚጽፈው ያለ ፍትሕ ጉዳይ የተሟላ አይመስለውም።

አዲስ አበባም እንግዳዋን እንዲሁ ትጠይቃለች። ጉባኤውን ደጋግሞ ያስተናገደው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየሙን የያዘው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነበር፤ ተከትሎ በመጣው ጭፍጨፋ በሺሕ የሚቆጠር የከተማው ሕዝብ አለቀ። የሰማዕታቱ ሐውልት ከግቢው በር ውጭ፣ ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ቆሟል። ስለ ወረራው ዘመን ጥናት ሊያቀርብ የመጣ እንግዳ ከአዳራሹ ወጥቶ በቀጥታ መኪና ውስጥ ከገባ፣ ትልቁን ምንጩን ሳያነብ አለፈ ማለት ነው። ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ ሲወርድ የድንቅነሽ ቤት ብሔራዊ ሙዚየም፣ ዝቅ ሲል አራት ኪሎ፣ ከዚያም ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ይገኛሉ። ይህ ሁሉ ለእግረኛ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ራሱ ከዕውቀት ታሪክ ነው። ካንት ከኮኒግስበርግ አካባቢ ርቆ ሳይሄድ ለአሥርት ዓመታት ጂኦግራፊ አስተምሯል። የኢትዮጵያ ጥናት አባት የሚባለው ኢዮብ ሉዶልፍም ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ የታሪክ መጽሐፉን በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን በ1698 ያሳተመው ከአውሮፓ ሳይወጣ ነው። በአንጻሩ የ1959ኙ ጉባኤ ዋና ሰው የነበረው ኤንሪኮ ቼሩሊ ኢትዮጵያን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ቋንቋዎቿን በሚያስደንቅ ጥልቀት አጥንቷል። ይህ ሁሉ በወረራው ዘመን የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ምክትል ጠቅላይ ገዥ ሆኖ ከማገልገል አልከለከለውም። እንግዲህ ሳያዩም ማወቅ ከተቻለ፣ አይቶም መበደል ካለ፣ ማየት ምን ይጨምራል?

ተቃውሞው እውነት አለው፤ ክርክሬንም እንዳጠራው ያስገድደኛል። ሉዶልፍን ሉዶልፍ ያደረገው የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነው። በ1649 ሮም ተገናኙ፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ድረስ ሄደው አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ የሚጠይቀውና ሲሳሳት የሚያርመው ባለአገር ነበረው፤ አገሩን ባያይም በአገሩ ሰው ፊት ተማሪ ሆኖ ተቀምጧል። ካንት ግን ስለ አፍሪካ ሕዝቦች የጻፈውን አሳፋሪ ፍርድ፣ ከተፈረደባቸው አንዱ እንኳ ፊቱ ቆሞ አላረመውም። ቼሩሊ ደግሞ በሥልጣኑ ዘመን ያየው ከገዥ ወንበር ላይ ሆኖ ነው፤ ከዚያ ወንበር ፊት የቆመ ሰው ደግሞ «ተሳስተሃል» የሚልበት ነፃነት የለውም። ስለዚህ ዕዳው የሚከፈለው ዓይንን በማሳረፍ ብቻ አይደለም፤ ለመታረም ራስን በማቅረብ ጭምር ነው። ቦታው ላይ መገኘት ለዚህ በሩን ይከፍታል፤ በሩን መግባት ያለበት ግን እንግዳው ራሱ ነው።

የገንዘብ ማነስ ቁም ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። መስኮቱ በተዘጋ መኪና፣ በተቀጠረ አስጎብኚ የሚዞር እንግዳ አንድም ሰው ሳያስቸግር መዋል ይችላል። በሚኒባስ የሚሄድ ግን የቱ ታክሲ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ፣ ወራጅ የሚልበትን ቦታ ረዳቱን አደራ ማለት፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጠጋግቶ መቀመጥ አለበት። በባለአገሩ ቸርነት ይደገፋል፤ የተደገፈ ሰው ደግሞ ያዳምጣል። ይህን ስል ድህነትን ማወደሴ እንዳይመስል። ቪዛ የተከለከለ፣ የመመዝገቢያ ክፍያ ያጣ፣ አበሉ ከጉባኤው በኋላ የሚደርሰው መምህር በደል ደርሶበታል፤ የእሱ ችግር ለማንም የመንፈስ ትምህርት ተብሎ ሊሰበክ አይገባም። የምናገረው መድረስ ስለቻለ፣ ግን ለምቾት የሚተርፍ ገንዘብ ስለሌለው ሰው ነው።

ከሃይማኖት ወገን ደግሞ የቆየ ወቀሳ አለ። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው አሥረኛ መጽሐፍ፣ ሰዎች ተራራና ባሕር ሊያደንቁ ርቀው እየሄዱ ራሳቸውን ይዘነጋሉ ብሎ ያዝናል፤ የዓይን ምኞትንም ከፈተናዎች ይቆጥራል። ወቀሳው ፎቶ ለማንሳት ብቻ ከሐውልት ወደ ሐውልት ለሚሮጥ ሰው ይገባል። ሊታረም ለሚሄድ ሰው ግን ማየቱ ራስን ከመመርመር የሚያርቅ አይሆንም፤ ሰማዕታት ሐውልት ፊት የቆመ ተመራማሪ ያን ቀን የሚመረምረው ጽሑፉንና ኅሊናውን ነው። እንግዳው ከተማ ሲዞር የሕዝብ ገንዘብ ባከነ የሚለው ክስም በዚሁ ይመዘናል። ተናጋሪ የሌሎችን ስብሰባ ጥሎ ከዞረ ወቀሳው ትክክል ነው፤ እሱን ያዳመጡት ሰዎችም አበዳሪዎቹ ናቸውና። መፍትሔው ያለው ከጉዞው በፊት ነው። ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ተነቦ፣ በተሰጠው ደቂቃ ውስጥ ገብቶ፣ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ካለቀ፣ በሆቴል ክፍል ስላይድ ሲለጠፍ የሚነጋ ሌሊት አይኖርም፤ ምሽቱና ማለዳው ለከተማው ይተርፋል። ስለ አስተናጋጁ ከተማ ታሪክ ጥቂት ማንበብና ከጥናቱ ጋር የሚገናኙ፣ እዚያ ካለ ሰው በቀር ማንም የማይመልሳቸው ጥያቄዎች ይዞ መሄድም የዝግጅቱ አካል ነው።

አዘጋጆችም ድርሻ አላቸው። ከጠዋት እስከ ማታ በትይዩ ስብሰባዎች የታጨቀ ፕሮግራም እንግዳውን ዕዳውን እንዳይከፍል ያደርገዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍት ቢተው፣ የአካባቢውን ታሪክ የሚያውቁ ተማሪዎችና አዛውንቶች በእግር ጉዞው ላይ ከእንግዶቹ ጋር ቢጋበዙ፣ ለልፋታቸውም ቢከፈላቸው፣ ወጪው ከአንድ የእራት ግብዣ ያነሰ ይሆናል፤ እንግዳው ያቀረበውን ጥናት መልሶ የሚጠይቅ ባለአገርም በዚያው ያገኛል።