እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ

ሥራ ሁሉ የሚመዘነው በሚያስገኘው ጥቅም ብቻ ነውን? ወይስ በሠሪው ጠባይ ላይ የሚያሳድረው ለውጥ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው? ይህን ጥያቄ ታላላቅ መጻሕፍት ሳንገልጥ፥ በሁለት እግሩ በሚራመድ በአንድ ትንሽ ሮቦት ልንመረምረው እንችላለን።

በባቲ ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ እንዲህ ያለውን ነገር በትርፍ ጊዜው ለመሥራት ተነሣ እንበል። አባቱ «ልጄ፥ ይህ ውሃ አይቀዳ፥ እርሻ አያርስ፤ ምን ሊረባህ ነው?» ቢሉት አይፈረድባቸውም። ጊዜና ገንዘብ በሚያጥርበት ቤት ይህ ተገቢ ጥያቄ ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል።

አስቀድመን የሥራውን ጠባይ እንመልከት። ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ ከቆላ የመጣው ግመልና ከደጋ የወረደው ሰው በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ባለአራት እግሩ አንዱን ቢያነሣ በሦስቱ ይደገፋል፤ ሰው ግን አንዱን ካነሣ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሮቦቱ ግራ እግሩን ከማንሣቱ በፊት የክብደቱን ማእከል ከቀኝ እግሩ በላይ ማዋል አለበት። ለዚህም በዳሌውና በቁርጭምጭሚቱ ሰርቮ የሚባሉ አራት ትንንሽ ሞተሮች ይገጠሙለታል። ባትሪው ወደ አንድ ጎን ቢያደላ፥ መርገጫው ቢጠብ፥ ሞተሩ ቢቸኩል ይወድቃል። በጃፓን የዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1973 የሠሩት ዋቦት 1 እንኳ አካሄዱ እጅግ ዝግተኛ ነበር። ኀይል ማብዛትም መፍትሔ አይደለም፤ ታድ ማክጊር የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ያለ ሞተር፥ በራሱ ክብደት ብቻ ቁልቁለት የሚራመድ እግር ሊሠራ እንደሚቻል አስረድቷልና።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ከዚህ ይገኛል። ስሕተትን በንግግር መሸፈን፥ በሌላ ማሳበብ፥ የፈተናን መልስ ከጓደኛ መቅዳት ይቻላል። ሮቦቱ ግን ሠሪው የማን ልጅ እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ ስሌቱ ከተሳሳተ ይወድቃል፥ ከተስተካከለ ይቆማል። ሃያ ጊዜ የወደቀበትን ነገር ሃያ ጊዜ አንሥቶ ምክንያቱን በራሱ ሥራ ውስጥ የሚፈልግ ወጣት፥ ራሱን አለማታለልን ይለምዳል።

ሁለተኛው ትምህርት የእጅ ሥራ ክብር ነው። ባለእጅ በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲናቅ ስለ ኖረ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ይሁን እንጂ አዋጅ አፍን ይገታል እንጂ ልብን አይለውጥም። ልብ የሚለወጠው የተማረው ሰው ራሱ ቆርጦ፥ ሞርዶና ገጥሞ የሥራን ድካም ሲቀምስ ነው። ሶፍያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥታ በአማርኛ ስትናገር ብዙ ሰው ተደንቋል። ከመደነቅ ይልቅ የሚያኮራው ግን፥ ከምትሠራበት ሶፍትዌር ከፊሉን በዚያው ከተማ ያሉ የአይኮግ ላብስ ወጣቶች የደከሙበት መሆኑ ነው።

ዳሩ ግን ለአባትየውም ፍርድ እንስጥ። ልጁ የተዘጋጀ ዕቃ ገዝቶ፥ ምክንያቱን ሳይመረምር በመመሪያው ብቻ ገጣጥሞ፥ ለጓደኞቹ ሊኩራራበት ቢነሣ፥ ወይም በዚህ ሰበብ የቤቱን ሥራና ትምህርቱን ቢተው፥ ተግሣጹ ይገባዋል። ያልገባንን ነገር መግጠም መሥራት አይባልም።

ከባቲ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ወደ አፋር ምድር ያደርሳል። በዚያ ምድር በሐዳር በ1967 ዓ.ም. አፅሟ የተገኘው ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። ስለዚህ የባቲ ልጅ መራመድ ምን እንደ ሆነ ቢመረምር፥ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ነገር ጀመረ አይባልም።

አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ያ እጅ ምናልባት ነገ የተበላሸ የውሃ ሞተር ይጠግን ይሆናል። ባይጠግን እንኳ፥ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት የገዛ ስሕተቱን በሌላው ላይ የማይጭን አንድ ሰው ለአገሩ ተገኝቷል፤ ለአባትየውም ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።