ይድረስ ለእህቴ፣ ካለሽበት

   

ሰሞኑን ሦስት እህቶች በየግላቸው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። አንዷ፣ «ከእኔ በፊት እዚህ ቤት ለሠራችው ልጅ ደብዳቤ መጣ፣ ምን ላድርገው?» ትላለች። ሁለተኛዋ ጋ የመጣው ከአገር ቤት በመንገደኛ እጅ የተላከ በርበሬና ፎቶግራፍ ነው። ሦስተኛዋ አዲስ ሲም ካርድ አውጥታ ኢሞ ስትከፍት፣ የማታውቃቸው እናት «ልጄ፣ ለምን ጠፋሽ?» እያሉ በድምፅ ያለቅሱባታል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ትንሽ ስለሚመስልም ነው ብዙዎቻችን ሳናስብ ወይ ቀደን የምናየው፣ ወይ ቆሻሻ ውስጥ የምንጥለው። ስለዚህ የዛሬው ቃል በዚህ ላይ ይሁን።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። የምንተኛበት ክፍል የእኛ አይደለም። ከእኛ በፊት ሌላ ልጅ ተኝታበታለች፣ ከእኛ በኋላም ሌላ ትተኛበታለች። ፍራሹ ሥር የፀጉር ማስያዣዋን ያገኘን አለን። ግድግዳው ላይ ለኮንትራቷ የቀራትን ወር እየቆጠረች የጫረችውን መስመር ያየን አለን። ያቺ ልጅ ሄዳለች፣ ስሟ ግን ገና በሩ ላይ ነው፤ አገር ቤት ያሉት መሄዷን አልሰሙማ!

አሁን ሙሴ በዘዳግም 22 ያዘዘውን አስቡ። የወንድምህ በሬ ወይም በግ ጠፍቶ ብታገኝ አይተህ እንዳላየህ አትለፍ ይላል። ባለቤቱ ሩቅ ከሆነ ወይም ካላወቅኸው ወደ ቤትህ ውሰደው፣ እስኪፈልገው ድረስ አንተ ዘንድ ይሁን፣ ሲመጣ ትመልስለታለህ። በሬና በግ ብቻ አይደለም፣ ልብሱም፣ ከእርሱ የጠፋው ማናቸውም ነገር እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ሕጉ «ካላወቅኸው» የሚለውን አስቀድሞ አስቦበታል። እኛ ግን ስንጠየቅ ቶሎ የምንለው «እኔ የት አውቃታለሁ?» ነው። አለማወቅ ከኃላፊነት አያወጣም ማለት ነው። እንዲያውም የማታውቂያት ስለሆነች ነው ቤትሽ አስገብተሽ የምትጠብቂላት።

ዘጸአት 23 ደግሞ ከዚህ ያልፋል፤ የጠላትህም በሬ ቢሆን መልስለት ይላል። ይሄ ለእኛ ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ አዲስ ቤት ስትገባ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ትሰማለች? «የበፊቷ ሌባ ነበረች፣ የበፊቷ ሰነፍ ነበረች፣ አንቺ እንደሷ እንዳትሆኚ።» የማትሰማ አለች? እንግዲህ ደብዳቤው ሲመጣ ያ ወሬ ቀድሞ ልባችን ውስጥ ተቀምጧል። «የዚያች የባለጌ ነው» ብለን እንወረውረዋለን። እህቴ፣ የሰማሽው የአንድ ወገን ነው። ከአንቺ በኋላ የምትመጣውም ስለ አንቺ ይህንኑ እንደምትሰማ አትጠራጠሪ። ደግሞስ እውነት ሌባ ብትሆን እንኳ እናቷ የላኩት ደብዳቤ ምን አደረገ?

አገር ቤት ደብዳቤ እንዴት እንደሚደርስ እናውቃለን። የኢትዮጵያ ፖስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፣ እስከ ዛሬ ግን አብዛኛው ደብዳቤ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል እንጂ ቤት ለቤት አይዞርም። ገጠር ላለ ሰው የሚጻፈው በትምህርት ቤቱ በኩል፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ ወይም ከተማ ባለ ባለሱቅ በኩል ነበር። ያ ባለሱቅ የማያውቀውን ገበሬ ደብዳቤ ሚዛኑ አጠገብ አኑሮ የገበያ ቀን ይጠብቃል። ገበሬው ማንበብ ካልቻለ ተማሪ ልጅ ይጠራል። ልጁ አንብቦ የሰማውን ሆዱ ውስጥ ይቀብረዋል። ስንቶቻችን ነን ለጎረቤት እናት ደብዳቤ ያነበብን! ያኔ አሥር ዓመት ሳይሞላን የሰው ምስጢር መያዝ እንችል ነበር።

እዚህም ድሮ ደብዳቤ የሚመጣው በአሠሪው የፖስታ ሣጥን ነበር። ዛሬ በሳዑዲ እያንዳንዱ ሕንፃ አራት አኃዝ ያለው ቁጥርና የፖስታ መለያ አለው፣ ዕቃም እስከ በር ይመጣል። ቢሆንም ለእኛ የሚላክ ነገር ዞሮ ዞሮ በማዳም እጅ ወይም በሾፌሩ እጅ ያልፋል። ስለዚህ እኛ ራሳችን የዚያ ባለሱቅ ወንበር ላይ ተቀምጠናል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ይከፈት ወይስ አይከፈት? በዚህ ላይ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። አንዷ እህት መጽሐፍ ቅዱስ ጠቅሳ ሞግታኛለች። «ኦርዮ ዳዊት የሰጠውን ደብዳቤ ከፍቶ ቢያይ ኖሮ ነፍሱን ያድን ነበር» አለችኝ። ጎበዝ ናት፣ አሳሰበችኝ። እውነት ነው፣ ኦርዮ የራሱን ሞት የያዘ ደብዳቤ ለኢዮአብ አድርሷል (2ኛ ሳሙኤል 11)። ነገር ግን ነቢዩ ናታን መጥቶ የገሠጸው ማንን ነው? የጻፈውን ነው። የታመነው ኦርዮ እንደ ሞኝ አልተቆጠረም። የዳዊትን ኃጢአት ያከበደው የታመነን ሰው እጅ መጠቀሙ ነው።

«ምናልባት አስቸኳይ ነገር ቢሆንስ?» የሚሉም አሉ። እሺ፣ አስቸኳዩ ምን ሊሆን ይችላል? እኛ ሐበሾች ነን፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። ለሰው የእናቱን ሞት በመንገድ ላይ አንነግረውም። ዘመድና ጎረቤት ተጠርቶ፣ በማለዳ፣ የሚደግፋት ሰው አጠገቧ ቆሞ ነው። አንቺ ያንን ፖስታ ብትቀጂው፣ የእናቷን ሞት ከእርሷ በፊት ታውቂያለሽ። ከዚያ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ? ስልኳን ብታገኚ እንኳ ምን ብለሽ ትጀምሪያለሽ? ለሌላ ሰው ብታወሪውስ፣ ወሬው በቪዲዮ ጥሪ ዞሮ ብቻዋን ኩሽና ውስጥ ቆማ ሳለች ይደርሳታል። የማይገባሽን ሸክም ነው የከፈትሽው። የምሥራች ቢሆንም ያው ነው። ከሩቅ አገር የመጣ መልካም ወሬ ለተጠማች ነፍስ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ መሆኑን ምሳሌ 25 ይነግረናል። የደማም ሐምሌ ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ የሌላውን ውኃ ጠጥቶ ባዶ ብርጭቆ መስጠት ይሆናል።

የምድር ሕግም ከዚህ አይርቅም። የሳዑዲ መሠረታዊ የአስተዳደር ሕግ (በፈረንጆች 1992 የወጣው) በአንቀጽ 40 የሰው ደብዳቤና ስልክ እንዳይነካ ይከለክላል። የእኛም ሕገ መንግሥት፣ የ1987ቱ፣ በአንቀጽ 26 እንዲሁ ይላል። ይህን የጻፍኩት ከማዳም ጋር እንድትከራከሩበት አይደለም። የእግዚአብሔር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው።

ማዳም ካልሁ ዘንድ ይሄንንም ልጨምር። አንዳንዷ ልጅ ከቤቱ የወጣችው ኮንትራቷን ጨርሳ ሳይሆን ጠፍታ ነው። «ሁሩብ» ተብላ ተመዝግባ ይሆናል። ፖስታው ላይ ያለው የዘመድ ስልክ እሷን መፈለጊያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤውን ይዘሽ «የእገሊት መጣ» እያልሽ በቤቱ አትዙሪ። ማዳም ራሷ ተቀብላው ከሆነ፣ «ማማ፣ ለእሷ ላስቀምጥላት?» ብለሽ በትሕትና ጠይቂ። ከሰጠችሽ መልካም ነው። አልሰጥም ካለች ተዪው፤ ለወረቀት ብለሽ አትመቺ፣ እግዚአብሔርም ይህን አይጠይቅሽም። «የት ነው ያለችው?» ብትባዪ ግን አላውቅም ማለት እንድትችዪ፣ የማያስፈልግሽን አትጠይቂ፣ አትወቂም።

ባለቤቷን እንዴት ትፈልጊያለሽ? ከተቀባይዋ ሳይሆን ከላኪው ጀምሪ። የላኪው ስምና ስልክ ብዙ ጊዜ በፖስታው ጀርባ አለ። ደውለሽ፣ «የላካችሁት ደርሷል፣ ልጅቱ አሁን እዚህ ቤት የለችም፣ እኔ ጋ በደህና ተቀምጧል፣ ለእሷ ንገሯትና እሷ ትደውልልኝ» በይ። ከዚህ አትለፊ። «ለምን ወጣች? ምን ሆነች?» ቢሉሽ ከማዳም የሰማሽውን ለእናቷ አትድገሚ። «እኔ ስመጣ አልነበረችም» እውነትም ነው፣ ይበቃልም። በሌላ ሰው ስትልኪም ለማን እንደምትሰጪ እወቂ። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈውን መልእክት ያደረሰችው ፌቤን እንደሆነች ብዙዎች ያስተምራሉ። እንዲህ ያለ ነገር ለሴት ልጅ እጅ የተሰጠ መሆኑ ደስ ይለኛል። ሰው ያገኘነውን ሁሉ ግን ፌቤን አናድርግ።

የመንግሥት ወይም የባንክ ወረቀት በፖስታ ቤት ከመጣ፣ ላዩ ላይ «ዩዓድ ኢላ አል-ሙርሲል» (ወደ ላኪው ይመለስ) አስጽፎ መመለስ ነው። የሌላ ሰው ፓስፖርት ወይም ኢቃማ ከሆነ ግን ሻንጣሽ ውስጥ አታሳድሪው፤ ቢገኝብሽ የምትመልሺው ይጠፋሻል። ሪያድ ወዳለው ኤምባሲያችን ወይም ጅዳ ወዳለው ቆንስላ የሚሄድ የታመነ ሰው ፈልጊ። በርበሬው? እህቴ በርበሬ ይበላሻል። ላኪዋን አስፈቅደሽ ብዪው፣ ፎቶውን ግን አስቀምጪ።

ስልኩም ያው ደብዳቤ ነው። እዚህ አገር ሲም በኢቃማና በጣት አሻራ ነው የሚመዘገበው፣ ያልተከፈለበት ቁጥር ደግሞ ተመልሶ ይሸጣል። የእነዚያን እናት ድምፅ የሰማችው እህት ዝም ብላ ልታጠፋቸው አስባ ነበር። አንዴ መልሺላቸው አልኳት። «እማማ፣ ልጅዎ አይደለሁም፣ ቁጥሩ ተለውጧል፣ በሌላ ይፈልጓት» ማለት አንድ ደቂቃ ነው። አለዚያ እሳቸው ልጄ ተቀየመችኝ ብለው ዓመት ያለቅሳሉ። የባንክ የምስጢር ቁጥር በዚያ ስልክ ቢመጣ ግን ለማንም አትስጪ፣ የልጅቱ ወንድም ነኝ ቢልሽም።

ባለቤቷ ባትገኝስ? ከጥቅምት መጨረሻ 2006 ዓ.ም. (በፈረንጆች ኅዳር 2013) ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከዚህ አገር ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል። ስንቱ የለበሰውን ብቻ ይዞ ቦሌ ወረደ! ያኔ ወደ ባዶ ክፍል የመጣ ነገር ስንት ይሆን? ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ተከባ፣ እርሱ ራሱ በግዞት ሳለ፣ የእርሻ መግዣ ውል ባሮክ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው አዘዘ (ኤርምያስ 32)። የታተመውንም የተከፈተውንም፣ ብዙ ዘመን እንዲቆይ። ከተማይቱ ልትቃጠል ነው፣ እርሱ ስለ ወረቀት ይጨነቃል። ሰዎቹ ይመለሳሉ ብሎ ስላመነ ነው።

እኛ ሸክላ የለንም፣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አለን። ከእርጥበት ይጠብቃል። ኮንትራትሽ ሲያልቅ የታመነች ልጅ ከተካችሽ ለእሷ፣ ካልሆነም ከዚህ ኅብረት ለምታውቂያት እህት አደራ ስጪ። ወይም ይዘሽው ግቢና ከአዲስ አበባ ሆነሽ ለላኪው መልሺ። እስከዚያ ድረስ ግን የመጣበትን ቀን በእርሳስ ፖስታው ጫፍ ላይ ጻፊበት፤ ባለቤቷ ስታገኘው እናቷ በጊዜው እንደጻፉላት እንድታውቅ።