ፍቅር የሙያ ምትክ ይሆናልን?

በአንድ የገጠር ቁምስና በማገለግልበት ወቅት ከውጭ አገር የመጣ የክርስቲያን ሐኪሞች ቡድን ለሁለት ሳምንት ነፃ ሕክምና ሰጥቶ ነበር። ከእነርሱም ጋር ገና የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ የሆነ ወጣት በፈቃደኝነት መጥቶ ነበር። ሰልፉ እየረዘመ፣ ሐኪሞቹም እየደከሙ ሲሄዱ፣ ተማሪው በአገሩ ያለ መምህሩ ሊሠራው የማይፈቀድለትን የቁስል ስፌት ብቻውን ይሠራ ጀመር። አስተርጓሚው የቁምስናችን ካቴኪስት ነበር። አንዲት እናት «ዶክተሩ እኒህ ናቸው?» ብላ ብትጠይቀው «አዎን» አላት። ቁስሉ ያለ ችግር ዳነ። ካቴኪስቱ ግን ከወራት በኋላ «አባ፣ ያን ዕለት ዋሽቼ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ወጣቱን ለመውቀስ አንቸኵል። የዕረፍት ጊዜውን ትቶ፣ የጉዞውን ወጪ ራሱ ከፍሎ፣ ክርስቶስን በሕመምተኞች ዘንድ ሊጐበኝ መጥቶአል፤ የማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ዳሩ ግን በዚያ አልጋ ላይ የተኛው በእውነት ክርስቶስ ከሆነ፣ ልምምዳችንን ስለ ምን በእርሱ ላይ እናደርጋለን? እርግጥ ነው፣ ሐኪም ሁሉ የተማረው በሕመምተኛ አካል ላይ ነው፤ ያለዚያ ሐኪም አይገኝም። ነገር ግን በማስተማሪያ ሆስፒታል መምህሩ ከተማሪው አጠገብ ይቆማል፤ ሕመምተኛውም «ይህ አይንካኝ» ለማለት ይችላል። ሌሊት ተነሥታ በእግሯ የመጣች ድኻ እናት ግን ይህ መብት በስም እንጂ በተግባር የላትም።

«ከምንም ይሻላል» የሚል መልስ ዘወትር ይሰጣል። በድንገተኛ አደጋ ጊዜ እውነት ነው፤ በመንገድ ላይ ደሙ ለሚፈስስ ሰው የደረሰ ሁሉ ቁስሉን በጨርቅ ተጭኖ ይያዝለት፣ የምስክር ወረቀት አይጠየቅም። ከስድስት ወር በፊት ታቅዶ የአውሮፕላን ቲኬት የተቆረጠለት ጉዞ ግን ድንገተኛ አደጋ ሊባል አይችልም።

በዚህ ረገድ የኦስትሪያዊቷ ሐኪም የእናት አና ዴንግል ሕይወት ብዙ ያስተምራል። ዛሬ በፓኪስታን በምትገኘው በራዋልፒንዲ ሙስሊም እናቶች በወንድ ሐኪም መታየትን ባህላቸው ስለማይፈቅድላቸው ያለ ሕክምና እንደሚሞቱ በወጣትነቷ ተረዳች። ልቧ ቢቃጠልም ወዲያው አልተነሣችም። በአየርላንድ፣ በኮርክ ከተማ፣ የሕክምና ትምህርቷን እ.ኤ.አ. በ1919 ፈጽማ በ1920 ወደዚያ ሄደች። በ1925 በዋሺንግተን የሕክምና ሚስዮን እኅቶች ማኅበርን ስትመሠርት የቤተ ክርስቲያን ሕግ ደናግልን ከሙሉ የሕክምና ሥራ፣ በተለይም ከማዋለድ፣ ይከለክል ነበር፤ ፈቃዱ ከሮም የተሰጠው በ1936 ነው። በአገራችን በጉራጌ የሚገኘውን የአጣጥ ሆስፒታል በ1969 የከፈተው ይኸው ማኅበር ነው። ቅንዓታቸው ሙያን ለመጠበቅ አላፈረም።

ደጉ ሳምራዊም ቢሆን የሠራው የሚችለውን ነው። በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን ጠጅ አፍስሶ አሰረለት፣ በራሱ እንስሳ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያም ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶ በአደራ ተወው፣ እንደሚመለስም ተናገረ። በስብከታችን ይህን የማረፊያ ቤት ባለቤት ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ቡድኑ ከሄደ በኋላ ክሩን የሚያወጣ፣ ቁስሉ ቢመግል የሚያይ ማን ነው? የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት፤ እርሷን ግን ማንም አላማከራትም ነበር። ተማሪውም ቢሆን ሥራ አላጣም፤ የደም ግፊት ይለካ፣ ካርድ ይጻፍ፣ ቁስል ይጠብ፣ አረጋውያኑን ደግፎ ያስገባ።

ካቴኪስቱን «አዎን፣ ዋሽተሃል» አልሁት፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ ብቻ አልነበረም። «ተማሪ ነው፤ ሐኪሙ ከአጠገቡ ቆሞ ያየዋል» ሊላት ይገባ ነበር፤ ይህን በእውነት ለመናገር ካልተቻለ ደግሞ መርፌው መቀመጥ ነበረበት። «እርሷስ እምቢ ብትል?» አለኝ። ሐኪሙን እስከ ማታ ትጠብቃለች አልሁት። ቤቷ የአራት ሰዓት መንገድ መሆኑን አስታወሰኝ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የቁምስናው አዳራሽ ሌሊት ሌሊት ባዶውን ተቆልፎ ያድር ነበር፤ ቁልፉም በእኔ እጅ ነበር።