የእግረኛ ድርሻ

መንገድ የሁሉ ነው እንላለን። ነገር ግን የተሠራበት ገንዘብ ከወዴት እንደ መጣ፣ ማንን አስቦም እንደ ወጣ ብንመረምር ሌላ መልስ እናገኛለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፣ ሠራዊቱ በጋይንት በጨጨሆ በኩል ገደሉን እየናደ፣ ቋጥኙን እየፈነቀለ ጐዳና አወጣ። እግረኛውና አጋሰሱማ አስቀድሞም የሚሄዱበት ነበራቸው፤ ያ ሁሉ ድካም ስለ መንኰራኵር ነው። ከዚያም ወዲህ የመንገድ በጀት በመንኰራኵር ዐይን ማየቱን ገና አልተወም።

በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 66 የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም፣ የጥገናው ገንዘብ ይልቁንም በነዳጅ ላይ ከሚጣለው ክፍያ እንዲሰበሰብ ተደነገገ። የሚጠቀምበት ይክፈል ማለት ነውና አሳቡ ቅን ነው። ነገር ግን ከቅኑ አሳብ ጠማማ ትርጓሜ ይወለዳል፤ ነዳጅ የማያነድ አልከፈለምና ድርሻ የለውም የሚል። ይህ ሐሰት ነው። ከወገዳ ገበያ ጨው ገዝታ በእግሯ ወደ ቈላው የምትወርድ ሴት፣ የጭነት መኪናውን ነዳጅ በጨው ዋጋ ውስጥ ከፍላለች። ዳግመኛም በስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ሥራ ዶማና አካፋ ይዞ የገጠር መንገድ ያወጣው ይኸው እግረኛ ሕዝብ ነው። የሚሰፈርለት እህል ነበረ፤ ላቡን ግን ማን መዘነው?

ከእስቴ በኩል ወደ ሞጣ የሚያሻግረውን ሰባራ ድልድይ እናስታውስ። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ በጣልያን ጦርነት ጊዜ ከተሰበረ በኋላ፣ ሰው በገመድ እየተሳበ ዓባይን ሲሻገር ብዙ ዘመን ኖረ። በ1994 ዓ.ም. ታደሰ፤ ጐርፍ መልሶ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. በአጠገቡ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራ። ገንዘቡን ያዋጡት ይልቁንም የባሕር ማዶ በጎ አድራጊዎች ናቸው። እነርሱስ ይመስገኑ። የሚያሳዝነኝ፣ ለመኪና ሲሆን ዕዳ የሚባለው ነገር ለእግረኛ ሲሆን ምጽዋት መባሉ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ስለ እግረኛና ስለ ብስክሌት የዐሥር ዓመት ስትራቴጂ አወጣ። በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ሰፊ የእግር መንገድና የብስክሌት መስመር ተዘረጋ። አንዳንዱ የከተማ ጌጥ ነው ይላል፤ እኔ ግን ያ ዕዳ መከፈል እንደ ጀመረ እቈጥረዋለሁ። በእኛ ገደል ብስክሌት አይወጣም፤ ለእኛ በዚያ ስፍራ የሚቆመው በወንዝ ላይ የሚጣል ጠባብ ድልድይ ነው። እንግዲህ የወረዳ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ፣ የጠጠሩ መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ በሰኔ ወንዝ ሞልቶ ልጆች ከትምህርት ቤታቸው ማዶ የሚቀሩባቸው መሻገሪያዎች ስንት እንደ ሆኑ ደግሞ ያስቈጥር።